ላፕቶፕ ለምን ይንቀራፈፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ «ፎርማት አስደርገው»። ሰውም ገንዘቡን ይከፍላል። አንዳንዱ የዓመታት ፎቶውን ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ጭምር ያጣል። የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ማሽኑ ለምን እንደዘገየ ማንም ሳያይ መሆኑ ነው። ምክንያቱ እኮ ይታያል።

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (የማሽኑ አንጎል)፣ ሜሞሪ (ራም የሚባለው፣ የተከፈተ ፕሮግራም የሚሠራበት ጊዜያዊ ቦታ) እና ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) ምን ያህል እንደተጨናነቁ በፐርሰንት ያሳያችኋል። ላፕቶፑ ስታክ ባደረገበት ሰዓት 100 አካባቢ የደረሰው የትኛው ነው? መልሱን ይዛችሁ ቀጥሉ።

«ቫይረስ ገብቶበት ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ይልቁንም ቫይረስ ፈርተን የምንጭናቸው ነገሮች ናቸው የሚያዘገዩት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል የራሳቸው አንቲቫይረስ አላቸው። ለአብዛኛው ሰው እሱ ይበቃል። ሁለት ሌላ አንቲቫይረስ ደርባችሁ ከጫናችሁ ግን አንድ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ሁለቱም ሊፈትሹት ይሻማሉ። «ኮምፒውተር ያፈጥናል» ተብለው የሚወርዱት ቡስተሮችም ያው ናቸው፤ ከበስተጀርባ እየሠሩ ራም ይበላሉ።

«ፎርማት ሁሉን ይፈታል»

ፎርማት ሲደረግ ማሽኑ ቀለል ይለዋል፤ እውነት ነው። የተጠራቀመው ፕሮግራም ሁሉ ይጠፋላ! ዲስኩ ያረጀ ከሆነ ወይም ራሙ ካነሰ ግን ፕሮግራሞቹን መልሳችሁ ስትጭኑ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ በአቋራጭ የተከፈተ) ዊንዶውስ ከተጫነላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቁልፉን የሚሰብረው ፕሮግራም፣ አክቲቬተሩ፣ እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል፤ ያኔ በተከፈተው በር ምን እንደገባ አይታወቅም።

ከፎርማት በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። ላፕቶፑ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ተደርድረዋል፦ ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ የፕሪንተር ፕሮግራም፣ ምኑ ቅጡ። ጠዋት ጠዋት የማትፈልጉትን «ዲስኤብል» አድርጉ። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሳትጠሩት መነሳቱን ብቻ ነው የሚያቆመው። የማታውቁትን ስም ግን ሳታጣሩ አትንኩ።

«ሪፍሬሽ ሲደረግ ይፈጥናል»

ዴስክቶፕ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ... ይህ አይኮኖቹን እንደገና ይስላል እንጂ ራም አያጸዳም፣ ሲፒዩም አያሳርፍም።

«ራም ብጨምርበት ይፈታል»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ሜሞሪው 90 ፐርሰንት እያለፈ ከሆነ አዎ፣ ራም ጨምሩ። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ብራውዘር ላይ አሥር ታብ መክፈት ከባድ ሸክም ነው። ሜሞሪው 50 ላይ ቆሞ ዲስኩ 100 ከሆነ ግን ራም ብትጨምሩ ለውጡ እምብዛም ነው። ሁለቱም ከሞሉስ? ያኔ ራሙ ሲጠበው ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያራገፈ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ታቦችን ዘግታችሁ ዲስኩ ይረጋ እንደሆነ እዩ።

ካልተረጋ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ከፍታችሁ ዲስኩን ተመልከቱ። አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ኤችዲዲ ወይም ኤስኤስዲ መሆኑን ይጽፉላችኋል። ኤችዲዲ ማለት የድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። ውስጡ ሳህን ይሽከረከራል፤ ላፕቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር። አንባቢው እጁ ፋይል ባለበት ሁሉ እየተመላለሰ ነው የሚያነበው። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚፈልግ ይህ ምልልስ ነው የሚገድለው። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ሃርድ ዲስኩ 100 አካባቢ ነው።

ሃርድ ዲስክ ላለው አሮጌ ላፕቶፕ አንድ ወጪ ብቻ ማውጣት ከቻላችሁ ኤስኤስዲ ላይ አውጡት። ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ ማሽን በሰከንዶች ሲነሳ ታያላችሁ። የወጣውን ሃርድ ዲስክም አትጣሉት፤ ኬዝ ገዝታችሁ ውጫዊ ዲስክ አድርጉት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሮ ከሆነ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ገልብጡ።

«ፊልሞቹን ባጠፋ ይፈጥናል»

ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ሊሞላ ከደረሰ አዎ፤ ለአፕዴትና ለጊዜያዊ ፋይሎች ቦታ ያስፈልገዋል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን ፊልሙን በሰላም እዩት።

«ማታ ማታ ስለምዘጋው ሪስታርት አያስፈልገውም»

ታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ «አፕ ታይም» የሚል ቁጥር አለ። በየቀኑ እየዘጋችሁት ብዙ ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ሊነግራችሁ ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ሸት ዳውን ስትሉት የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሳል። እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ስትሉት ነው። በሳምንት አንዴ አድርጉት።

«ኮር አይ7 ነው፣ ሊዘገይ አይችልም»

አይ5፣ አይ7 የሚባሉት የኢንቴል ሲፒዩ ደረጃዎች ናቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ከአይ7 ይልቅ ትውልዱን ጠይቁ። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራ የሲፒዩ ክፍል) ነው ያለው። ቀጣዩ ትውልድ አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው።

«ቻርጀር ያው ቻርጀር ነው»

ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ለምሳሌ ብዙ የዴል ላፕቶፖች የተሰካባቸውን ቻርጀር መለየት ካቃታቸው ኃይል ለመቆጠብ ሲፒዩውን ሆን ብለው ያዘገያሉ። ሲበሩ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም የሚል መልእክት ያሳያሉ፤ ሰው ግን አንድ ቁልፍ ነክቶ ያልፈዋል። ላፕቶፑ ሥራ በዝቶበት እያለ ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩው ፍጥነት ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸንክሮ ካያችሁ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ብቻ ሞክሩት። ፍጥነቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የመሰኪያው ነው። ካልተመለሰና ማሽኑ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ብርድ ልብስ ላይ ከሆነ አንሡት፤ ፋኑ በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ ከፍተው እንዲያጸዱላችሁና የሲፒዩውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ።