ፕሮቲን በካርቦን ናኖቱዩብና በሴሉሎስ ውህድ ቁሶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጎጃም

ካርቦን ናኖቱዩብ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ የካርቦን አተሞች ንጣፍ ነው፤ የባለ አንድ ንጣፉ ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ባለ ብዙ ንጣፉ ካሳተሙ ወዲህ ጥንካሬውንና ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ለሌላ ቁስ ለማውረስ ብዙ ተሞክሯል። አንዱ አጋሩ የዕፅዋት ጭረት ዋና ቁስ የሆነው ሴሉሎስ ነው፤ በሴሉሎስ ደግሞ ጎጃም አይታማም። የአዊ ደጋ ቀርከሃ፣ ታንኳ የሚሠራበት የጣና ደንገል፣ የሸማኔው ድርና ማግ ዋና አካላቸው እሱው ነው።

ሁለቱ ግን አይዋደዱም። ሴሉሎስ ውኃ ይስባል፣ ናኖቱዩብ ውኃ ይሸሻል። ውኃ ውስጥ ሲጨመር እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል፤ የደረቀው ቁስም ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጓጎለው ቦታ ነው። ፕሮቲን የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃ የሚሸሸው ክፍሉ ቱቦውን ይይዛል፣ ውኃ የሚወደው ወደ ውጭ ይዞራል። ከእንቁላል ነጭ የሚገኘው ላይሶዛይም የተባለው ፕሮቲን ገለልተኛ ውኃ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ በኦክሲዴሽን የታከመ ናኖሴሉሎስ (እጅግ የደቀቀ የሴሉሎስ ጭረት) ኔጋቲቭ ነውና ይሳሳባሉ። አስፐን ከተባለው ዛፍ የተገኘው ኤስፒ1 የተባለ ፕሮቲን ከዚህም ይገርማል። 12 አሃዶች ያሉት ቀለበት ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን በሚበላሽበት ሙቀት ቀርቶ በፈላ ውኃም አይፈርስም። በጂን ምሕንድስና ናኖቱዩብ የሚይዝ ጫፍ ተጨምሮለታል። በሌላ መንገድ፣ ሴሉሎስ ከሚፈጩ ባክቴሪያዎች ኢንዛይም የሚወሰድ ሴሉሎስ ያዥ ክፍል ከፕሮቲኑ ጋር ይቀጠላል።

ፕሮቲን ሲበዛ ግን በቱቦዎቹ መካከል ገብቶ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ይቀንሳል። ቱቦው ላይ ሲያርፍ የቀድሞ ቅርጹን ይጠብቅ አይጠብቅ ገና ያከራክራል።

በጎጃም ለዚህ ዓይነት ጥናት መሠረት ያላት ባሕር ዳር ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተከፈተ፤ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በሥሩ ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመስኩ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀርከሃው እንደ ጥጥ ዝግጁ አይደለም፤ ጭረቱን አጣብቆ የሚያጠነክረው ሊግኒን በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ መውጣት አለበት። ደረቅ የናኖቱዩብ ብናኝም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያሰጋል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባለ ብዙ ንጣፎቹ አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከተባሉት መድቦታል።