የሳይኮሲስ መድኃኒት «ልክ መጠን» ምንድን ነው?

ሳይኮሲስ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ወይም ከእውነታ የራቀ እምነት የሚይዝበት የአእምሮ ሕመም ነው። ልክ መጠን የሚባለው ሕመሙን የሚያስታግሰው፣ ታማሚውም ሊሸከመው የሚችለው ትንሹ መጠን ነው። ማሸጊያው ላይ ተጽፎ አይገኝም። አንዱ በ2 ሚሊግራም ሪስፔሪዶን (ከሳይኮሲስ መድኃኒቶች አንዱ) ሲረጋጋ ሌላው 5 ሊያስፈልገው ይችላል፤ ዕድሜ፣ የጉበት ሥራ፣ ሲጋራና አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ልዩነት ያመጣሉ።

አብዛኞቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች የሚሠሩት አንጎል ውስጥ ዲ2 የተባሉትን የዶፓሚን (የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር) ተቀባዮች በመያዝ ነው። ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ የሚሰማው ድምፅና ጥርጣሬው መብረድ ይጀምራል። 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን የሰውነት መገተርና መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር ክኒን የሚያመጣው በአብዛኛው ጉዳት ነው። ክሎዛፒንና አሪፒፕራዞል የተባሉት መድኃኒቶች በዚህ ስሌት አይገዙም።

ስለዚህ ከዝቅተኛው ይጀመራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ አዋቂ ሪስፔሪዶን ከ1 ወይም 2 ሚሊግራም፣ ሃሎፔሪዶል ከ1.5 እስከ 3፣ ኦላንዛፒን ከ5 እስከ 10 በቀን ይጀመራል። ለአረጋውያን ከዚህም ያንሳል። እንቅልፍና ቁጣ በቀናት ውስጥ ሊሻሻሉ ይችላሉ፤ «ጎረቤቶች ያሴሩብኛል» የሚለው እምነት ግን የሚላላው በሳምንታት ነው። በሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ ካልታየ ሐኪሙ ሕክምናውን እንደገና ያያል፤ በቂ በሆነ መጠን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይሞከር ግን «አልሠራም» አይባልም። ከመጨመሩ በፊት ክኒኑ ይቆጠር። በቀን አንድ እንዲወሰድ 30 ተሰጥቶ በ20ኛው ቀን 18 ከተገኘ ጉድለቱ ያለው መጠኑ ላይ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አካቲዥያን ከሕመሙ ጋር ማምታታት ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም በተጨመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ታማሚው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይነሳል፣ ይመላለሳል፣ ቆሞም አንዱን እግር እያነሳ ሌላውን ይጥላል። ቤተሰብ «ባሰበት» ይላል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ ጭንቀቱም ይብሳል፤ ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስ ይችላል። «ሐሳብ ነው የሚያስጨንቅህ ወይስ እግርህ ነው አላስቀምጥ ያለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ይገልጣል። መልሱ እግር ከሆነ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ መጠን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር ነው፤ ሐኪሙ ፕሮፕራኖሎልም ሊያዝ ይችላል።

አንገት ከተጣመመ ወይም ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈለጋል። ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቀባዠር ጋር ከመጣ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ቀጣዩ ክኒን ሳይዋጥ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ልኩ አንዴ ተገኝቶም ሊናጋ ይችላል። ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚወስድ አጫሽ ሲጋራ ሲያቆም መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መድኃኒቱ በፍጥነት እንዲወገድ ያደርግ የነበረው ጭሱ ስለሆነ የኒኮቲን ማስቲካ አይተካውም። ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ ደግሞ በቀድሞው መጠን መቀጠል የደም ግፊትን ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል፤ በሐኪም ክትትል እንደገና ከ12.5 ሚሊግራም ይጀመራል።

መቀነስ የሚቻለው ታማሚው ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሐኪሙ ጋር፣ በወራት ነው። እርምጃዎቹ እኩል አይደሉም። ሪስፔሪዶንን ከ6 ወደ 4 ማውረድ የተያዙትን ተቀባዮች ጥቂት ብቻ ይቀንሳል፤ ከ2 ወደ ዜሮ መውረድ ግን አብዛኞቹን በአንዴ ይለቃል። ረጅሙን ጊዜ የሚፈልጉት የመጨረሻዎቹ ሚሊግራሞች ናቸው።