«ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል»

«ባሕር ዳር ነኝ» ያለ ሰው የት ነው ያለው? ከተማዋ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሆነ ውሃ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከተማዋ ራሷ ያለችው ጣና በስተደቡብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ነው። ጣና ሐይቅ ቢሆንም ስሟ «ባሕር» ይለዋል።

እኔን የሚገርመኝ «ዳር» የምትለው ቃል ናት። ከየብስ ለመጣ ሰው ዳር ማለቂያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬት የለም። በታንኳ ለሚመጣው ግን መድረሻው ነው። አማርኛም ሁለቱንም ይዟል። ከጉዳዩ የራቀውን ሰው «ዳር ቆሞ ያያል» እንለዋለን። ሥራውን የጨረሰውን ደግሞ «ዳር አደረሰው»። ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት «ልጆቿን ዳር አደረሰች» ስትባል ደስ ይለኛል። በሁለት ቃል ስንት ዓመት ድካም ተነገረ! «ዳር ዳር አትበል» ግን ሌላ ነው፤ ፍርጥ አድርገህ ተናገር ማለት ነው።

ወደ ተረቱ ስንመጣ፣ «ዳር» ጠረፉ ነው፤ ዳር ድንበር የምንለው። «ተፈታ» ደግሞ ሰው ለቆት ባዶ ሲቀር ለመንደርም የሚባል ቃል ነው። ጠረፉ ሰው ካጣ፣ ትናንት መሀል አገር የነበረው ዛሬ ጠረፍ ይሆናል።

እኔ ተረቱን የማየው በሰፌድ ነው። ሰፌድ ሲሰፋ ከመሀል ይጀመራል፤ ዙር በዙር እየሰፋ ዳር ይደርሳል። አሮጌ ሰፌድ አንሡና ጠርዙን ተመልከቱ። የመጨረሻው ዙር አክርማው ተበጥሶ ከተላቀቀ፣ ቀጥሎ ያለው ዙር ጠርዝ ይሆናል። እሱም መላላት ይጀምራል።

ተረቱ ለአገር ብቻ አይደለም። ማኅበር ሲበተን መጀመሪያ ከስብሰባ የሚቀሩት ዳር ዳር የሚቀመጡት ናቸው። «እነሱ እንኳ ድሮም አይመጡም ነበር» ተብሎ ይታለፋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌሎች ዳር ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ተረቱ «መሀል ይፈታል» አይልም። «ዳር ይሆናል» ነው የሚለው። መሀል ያለው ሰው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ጠርዙ ነው እሱ ዘንድ የመጣው።