ካፒታል ሌተር የክብር ምልክት አይደለም

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» የሰው ስም መጀመሪያ ላይም ሆነ ቃል መሃል ያው «ሀ» ናት። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ታዲያ ካፒታሉን በግምት ጣል እናደርጋለን። ግምቱ የሚነሳባቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

«ቁም ነገር የሆነ ቃል በካፒታል ይጀምራል»

የአብዛኛው ስህተት ምንጭ ይቺ ናት። «ኤዱኬሽን»፣ «ፒስ»፣ «ላቭ» የሚሉትን ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ በካፒታል የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ግን የቃሉን ክብደት አይመዝንም። የሚጠይቀው የተጸውዖ ስም ነው ወይስ የወል ስም ብሎ ነው። «ሪቨር» ማንኛውም ወንዝ ስለሆነ በስሞል ሌተር ይጻፋል። «ናይል ሪቨር» ሲሆን ግን ሁለቱም ቃላት በካፒታል ይጀምራሉ፤ አንድ ላይ የአንድ ወንዝ መጠሪያ ሆነዋላ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያ ላይ «ፒፕል»፣ «ኦርደር» እና «ጀስቲስ» በካፒታል ጀምረው ታገኟቸዋላችሁ። ያ ልማድ በእንግሊዝኛ ቀርቷል። ጀርመንኛ ግን የወል ስምን ሁሉ እስከ ዛሬ በካፒታል ይጀምራል።

ማዕረግም በዚሁ መንገድ ይታያል። «ፕሬዚደንት ሊንከን» ስንል ማዕረጉ ከስሙ ጋር ስለተጣበቀ ካፒታል ይገባዋል። «ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ» ስንል ግን «ዶክተር» የሙያ ስም ብቻ ነው፤ ስሞል ይበቃዋል። «ማይ ማዘር» ላይ «ማዘር» በስሞል ነው። እናታችንን «ማዘር» ብለን እንደ ስም ስንጠራት ግን ካፒታል ይሆናል።

«‹አይ› በካፒታል የሚጻፈው ራስን ለማክበር ነው»

«እኔ» ማለት የሆነው «አይ» የትም ቢገባ በካፒታል መጻፉ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ክብር አይደለም። ቃሉ ድሮ ረዘም ያለ ነበር። እያጠረ ሄዶ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ብቻዋን የቆመች ቀጭን ፊደል በእጅ ጽሑፍ ውስጥ እንዳትጠፋ አስረዘሟት የሚል ነው። ክብር ቢሆንማ «ሚ» እና «ማይ»ም ካፒታል ባገኙ ነበር።

ለአለቃ ደብዳቤ ሲጽፍ «ዩ»ን በካፒታል የሚጀምር ሰውም አለ። ይገባኛል፤ በአማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። በእንግሊዝኛ ግን አክብሮቱ የሚታየው «ኩድ ዩ ፕሊዝ» በሚለው አጠያየቅ ነው እንጂ በፊደሉ ቁመት አይደለም።

«የትምህርት ዓይነት ሁሉ በካፒታል ነው»

«ማቴማቲክስ» እና «ባዮሎጂ» በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በስሞል ይጻፋሉ። «ኢንግሊሽ» እና «አምሃሪክ» ግን ሁልጊዜ በካፒታል ናቸው፤ የቋንቋ ስም ናቸውና። ሲቪ ላይ የራሳችንን ቋንቋ በስሞል ጀምረን እንዳንልክ አደራ! ቀናትና ወራትም ካፒታል ይፈልጋሉ። «ሰመር» እና «ዊንተር» አይፈልጉም።

«ቢሳሳትም ትርጉሙ ያው ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። «ማርች» በካፒታል ወር ነው፣ በስሞል ሰልፍ መውጣት። «ቻይና» በካፒታል አገር ናት፣ በስሞል ደግሞ የሸክላ ሳህንና ስኒ። ሲነገሩ አይለዩም፤ ወረቀት ላይ የምትለያቸው ያቺ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት።