ፋይሉን ቀየርኩት፣ ሰርቪሱ ግን አልተለወጠም

ደሴና ኮምቦልቻ ሆነን ሰርቨር የምንነካካ ልጆች ግሩፕ ላይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ዴመን-ሪሎድ ብያለሁ፣ ሰርቪሱ ግን እንደ ድሮው ነው።»

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ምግብ ቤት አስቡ። ሲስተምዲ፣ ማለትም ሊነክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ባለቤቱ ነው፤ ሰርቪሱ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) ወጥ ሠሪዋ ናት። «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» ስትሉ ባለቤቱ የራሱን መመሪያ፣ ማለትም ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሳ የሚናገረውን የዩኒት ፋይል፣ እንደገና ያነባል። በቃ። ወጥ ሠሪዋ ምንም አልሰማችም! «ሪሎድ» ማለት እሷን ከምድጃው ሳያነሱ አዲሱን ሜኑ፣ ማለትም የሰርቪሱን የራሱን የቅንብር ፋይል (ኮንፊግ)፣ ማሳየት ነው። «ሪስታርት» ግን አስወጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። ደንበኛ ለአፍታም ቢሆን ይጠብቃል።

ስለዚህ የዌብ ሰርቨሩን የኢንጂንኤክስን የራሱን ኮንፊግ ከቀየራችሁ ብዙውን ጊዜ ሪሎድ ይበቃል። እባካችሁ መጀመሪያ «ኢንጂንኤክስ -ቲ» ብላችሁ ስህተት እንደሌለው ፈትሹ። ይህን መዝለል ብዙ ሰው አስለቅሷል። የዩኒት ፋይሉን ከነካችሁ ደግሞ ዴመን-ሪሎድ፣ ከዚያ ሪስታርት።

የዴመን-ሪሎድ ሥራ ለሁሉም አንድ ነው። ከሰርቪስ ሰርቪስ የሚለያየው ሪሎድ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበለውም። የሚቀበለውም ሁሉንም ለውጥ አያነሳም፤ ለምሳሌ የዳታቤዙን የፖስትግሬስን «ሼርድ በፈርስ» የሚባል የሜሞሪ ቅንብር ከቀየራችሁ ሪስታርት የግድ ነው።