ክሬዚ፦ ልጅና አዋቂ አብረው የሚጫወቱት ካርታ

ክሬዚ 52 ካርታ ባለው አንድ ፓኬት የሚካሄድ፣ በእጁ ያለውን ቀድሞ የጨረሰ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ቁጥር የለየ የ6 ዓመት ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ሊጫወተው ይችላል። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈጠረው ኡኖ የሚባለው የካርታ ጨዋታም ከዚሁ ዘር ነው።

ለሁለት ሰው 7፣ ከዚያ በላይ ሲሆን 5 ካርታ ይታደላል። አራት ሰዎች ታድለው አንድ ካርታ ሲገለጥ 31 በክምሩ ይቀራል። የተገለጠው 8 ከሆነ ወደ መሃል ይመለስና ሌላ ይገለጣል። ባለተራው በምልክት (ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድ፣ አበባ) ወይም በቁጥር የሚገጥመውን ይጥላል። 8 ግን በሁሉም ላይ ይወድቃል፤ የጣለውም ቀጣዩን ምልክት ያዛል። በየሰፈሩ ሌሎች ካርታዎች ላይ የሚጨመር ሕግ አለ። ከልጅ ጋር በ8 ብቻ ተጀምሮ ሌላው ቀስ እየተባለ ቢጨመር ይሻላል።

የመጀመሪያው ችግር እጅ ነው። የተለመደው ካርታ 63 በ88 ሚሊሜትር ስለሆነ ትንሽ ልጅ ከአራት አምስት በላይ ዘርግቶ መያዝ ይቸግረዋል። በሁለት እጁ ጨምቆ ደረቱ ላይ ሲለጥፍ ይንሸራተቱበታል፤ ሊሰበስባቸው ሲያጎነብስ ፊታቸው ለሁሉም ይታያል። ካርታዎቹን ዘርግቶ ከታች በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ይረዳል። ወይም መጽሐፍ ከፈት አድርጎ ፊቱ ማቆምና ካርታውን ከኋላው መደርደር። መበወዝ ካቃተው ሁሉንም ገልብጦ ምንጣፉ ላይ በመዳፉ ያማስላቸው፤ በደንብ ይደባለቃሉ።

የሚጥለው ያጣ ሰው የሚገጥም እስኪያገኝ ከክምሩ የሚስብበት ሕግ ለልጅ ከባድ ነው፤ እጁ ሞልቶ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ስቦ ካልገጠመ ማለፍ ይበቃል። ልጆች አዘውትረው የሚሳሳቱት ደግሞ ቀይ በቀይ ላይ፣ ማለትም ልብ በዳይመንድ ላይ በመጣል ነው፤ ከምልክቱ ቀድሞ ዓይናቸው የሚገባው ቀለሙ ነውና። ከመጣሉ በፊት የምልክቱን ስም ጮክ ብሎ እንዲጠራ ማድረግ ያርመዋል። 8 ሲደርሳቸውም ደስ ብሏቸው ወዲያው ይጥሉታል፤ ሌላ የሚገጥም እያላቸው።

ነጥብ ከተያዘ አሸናፊው በሌሎቹ እጅ የቀረውን ይወስዳል፦ 8 ሃምሳ፣ ባለምስሎቹ አሥር አሥር፣ አንድ ቁጥር (A) 1፣ የቀሩት በቁጥራቸው። 8፣ ንጉሥና 4 የቀሩበት ሰው 64 ያስረክባል። ድምሩን ልጁ ራሱ ይሥራው፤ ቢዘገይም አይቀማ።

ሆን ብሎ መሸነፍ ግን አይበጅም። ልጅ አዋቂው የሚጥለው እያለው መሳቡን ዙሩ አልቆ ካርታው ሲገለጥ ያያል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ድሉንም ይጠራጠራል። ማቅለል ካስፈለገ ገና ሲታደል በግልጽ ይቅለል፦ ለልጁ 5፣ ለአዋቂው 8። ሦስት ዙር ተከታትሎ ካሸነፈ የአዋቂው ወደ 7፣ ቀጥሎም ወደ 6 ይወርዳል።