መስኮቱን ክፈቱት፦ በጉንፋን ወቅት በየቤታችን የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉት የጎጃም ደጋዎች ምሽቱ ሲበርድ የየቤቱ ሥርዓት አንድ ነው። በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል፤ የከሰል ማንደጃው መሐል ይገባል፤ ልጆች በአንድ ጋቢ ይጠቀለላሉ። አንዱ ማሳል ከጀመረ ሳምንት ሳይሞላ ቤተሰቡ በሙሉ ያስላል። ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከፍቅር የሚመጣ ምክር ስለሆነም ደፍሮ የሚመረምረው የለም። ከመካከሉ ግን ሕፃናትን የሚጎዳ ስላለ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ብርድ ነው የመታው፤ መስኮቱን ዝጉት»

ከተራ ጉንፋን የሚከፋውን ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ቫይረሱን ያቆየዋል እንጂ አይወልደውም። ብርዱ ከሁሉ በላይ የሚያደርገው እኛን በአንድ ጠባብ ክፍል መሰብሰብ ነው፤ ታማሚው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ ጭምር ከአፉ የሚወጣውን ሌላው ይተነፍሰዋል። ሕመሙ የሚሰማን ቫይረሱ ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንዲያውም ሰው ምልክት ሳይታይበት ከአንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ «ትናንት ዝናብ መታኝ» የሚለው ሰው በሽታውን ከዝናቡ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ታማሚው ለብቻው ቢተኛ መልካም ነው። አልጋው ወይም መደቡ አንድ ከሆነ አንዱ ራስጌ፣ ሌላው ግርጌ አድርጋችሁ አስተኟቸው፤ ትንፋሻቸው ይራራቃል።

በዚህ ላይ «ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚባል ነገር አለ። ይህ ሰው ገድሏል። የቀላ ፍም ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት።

«እጃችንን ታጥበናል እኮ»

የማስታጠብ ባህላችንን እወደዋለሁ። ታናሽ ተነሥቶ ውሃ ያፈሳል፤ ታላቅ ይቀድማል። ከማንቆርቆሪያ የሚወርድ ውሃ ብዙ እጅ ከሚነከርበት ሳህን በእጅጉ ይሻላል። የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሳሙና እና ጊዜ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስብ ባለው ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ሳሙና ያን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ውሃ ብቻውን ግን አያፈርሰውም። መዳፍን፣ የጣቶችን መሐል፣ የጥፍርን ሥር በሳሙና እያሹ 20 ሰከንድ መቆየት ያስፈልጋል። ሳሙና ከታጣ ንጹሕ አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እጁን የሚጠርገው በሚስማር ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ፎጣ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ጉርሻንም ላንሣ። የሚያስል ሰው ለጥቂት ቀናት ባያጎርስ፣ ለታማሚውም ምግቡ በሳህን ለብቻው ቢቀርብለት፣ የሚጠጣበትም ቢለይ ማንም ሊከፋ አይገባም። ትልቅ ሰው ሲታመም በተለይ ይህን ማድረግ እንደ ማግለል እየተቆጠረ ይታለፋል። ምክንያቱን ቀድሞ ማስረዳት ነው እንጂ በይሉኝታ መታለፍ የለበትም።

«ሳሙና ባይኖር አረቄ አለ»

ለእጅ ማጽጃ የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። የቤት አረቄ፣ ዳግም የተባለውም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ለሕፃን ደረት መቀባት ወይም ማቅመስ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

«ጭስ በሽታውን ያባርረዋል»

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ልማዱ የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ እሱም ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች አልወቅስም፤ ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እንኳን በ1925 ዓ.ም. ነው። ጠረጋው ዛሬም የሚደገፍ ነው። ጭሱ ግን ቫይረሱን አያባርርም፤ የታመመን ሳንባ ይቆጠቁጣል፤ ሳሉን ያባብሳል። ሕፃንን በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ማጠንም የፈላው ድስት ተገልብጦ እንዲያቃጥለው በር ይከፍታል።

«የጎጃም ማር ለማንም መድኃኒት ነው»

ዓመት ላለፈው ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ሳሉን ያበርድለታል። 12 ወር ላልሞላው ግን ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ በሕፃኑ አንጀት መርዝ አመንጭቶ ጡንቻውን ሊያዝል፣ ትንፋሹንም ሊያውክ ይችላል።

«ጉንፋን የያዛት እናት ጡት አትስጥ»

ትስጥ። በሽታው በወተቱ አይተላለፍም፤ ወተቱ እንዲያውም ለሕፃኑ የበሽታ መከላከያ ያቀብለዋል። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ወይም በንጹሕ ነጠላ ሸፍና ጡት ትስጠው። አራስ ጥየቃ የሚሄድ የሚያስል ሰው ግን ቢቀር ይሻላል።

«አሞክሳሲሊን ይዋጥ፤ በረኪናም ይብዛ»

አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ለጉንፋንና ለኢንፍሉዌንዛ አይሠራም። ካለፈው ዓመት የተረፈውን እንክብል ለልጅ ከፍሎ መስጠት መድኃኒቱን ለቁርጥ ቀን ማበላሸት ነው። በረኪናም ሲበዛ አይበልጥም፤ በ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ በየዕለቱ ተበጥብጦ የበር እጀታ፣ ጠረጴዛና የውሃ ቧንቧ መወልወል ይበቃል። ከአቼቶ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ»

በዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም። ልጅ ሲያስል፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት እምቢ ሲል እንጥል የሚቆርጥ ወይም ግግ የሚያወጣ ሰው ዛሬም በየአካባቢያችን ይፈለጋል። ጉሮሮው የቀላውና ያበጠው በሕመሙ ነው፤ እንጥል መቁረጥ ሕመሙን አያወጣውም። ቁስሉ ይደማል፤ ያመረቅዛል፤ በሌላ ልጅ ላይ የዋለ ምላጭ ደግሞ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው፣ በሳንባ ምች የተያዘ ልጅ በመቆረጡ «ድኗል» ተብሎ ቤት ሲውል የሚባክነው ጊዜ ነው።

በእሱ ፈንታ ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስና ጡት ሳይጠባ፣ ሆዱን ገልጣችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን መቁጠርም አያስፈልግም። ሌሊት ቢሆንም ጎረቤት ቀስቅሳችሁ ይዛችሁት ውጡ።